የስፌት መኪናዬ በእትዬ ዘሐራ አልቤርጎ

ሰኞ

በሩ መቀርቀሪያ የለውም! ሸዋ ሮቢት መሐል፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ «አልቤርጎ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት፣ የክፍሉ በር መቀርቀሪያ የለውም። ያለው ሽቦ ነው፤ ሚስማር ላይ ጠምዝዞ መተኛት ነው።

ከደብረ ሲና ያመጣን ካሚዮን እዚህ ቆሟል። ጀውሃ ላይ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ጎድቶታል አሉ። ሹፌሩ፣ «ጣሊያኖቹ ሲጠግኑት እንሄዳለን» አለ። መቼ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ደሴ ያለው አጎቴ ሱቁ በር ላይ ቦታ ለቆልኝ ይጠብቀኛል።

ዕቃዬ ይኼው ነው፤ በእጅ የሚዞረው የስፌት መኪናዬ ከነሣጥኑ፣ መቀስ፣ ቁራጭ አቡጀዲ፣ ጋቢ፣ መስገጃ። ሌላው ቢጠፋ አላለቅስም። መኪናው ከጠፋ ግን ልብስ ሰፊ መሆኔ ቀረ፤ የአጎቴ ጥገኛ ሆንኩ ማለት ነው።

ባለቤቷ እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ባልቴት ናቸው። ገና ስገባ ሣጥኑን አዩት። «ልጄ፣ ውድ ዕቃ ካለህ ለእኔ አስረክብ፤ ጓዳ ቆልፌ አኖርልሃለሁ። ክፍልህ ትተኸው ቢጠፋ ግን እንዳትጠይቀኝ» አሉኝ። አመስግኜ ክፍሌ አስገባሁት። የማላውቀው ሰው ጓዳ ላስገባው እንዴ?

ማክሰኞ

አብረውኝ የሚያድሩት ጋሼ ሙሄ የማጀቴ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ጆንያቸውን ለእትዬ ዘሐራ አስረክበው እንደ ሕፃን ይተኛሉ። እኔ የሣጥኑን እጀታ በክር ከእግሬ ጋር አስሬ ተኛሁ። ስገላበጥ ሣጥኑ ተጎትቶ ከወንበር ወደቀ፤ ጋሼ ሙሄም «ሌባ!» ብለው ከአልጋቸው ዘለሉ። ደግነቱ አልተሰበረም። እሳቸውም አልተሰበሩም።

ቀን ደግሞ ይዤው ዞርኩ። ለምሳ ይዤው፣ ለውዱእ ይዤው፣ መስጊድም ይዤው። የዚህ አገር ሙቀት አይጣል ነው፤ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ጋሼ ሙሄ እያዩ ቆይተው፣ «አንተ ሰው፣ ዕቃህን እየጠበቅክ ነው ወይስ ለከተማው እያሳየህ?» አሉኝ። ተናደድኩ።

ረቡዕ

ጋሼ ሙሄ እውነታቸውን ነበር። ጠዋት አንድ ባንዳ መንገድ ላይ አስቆመኝና ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ጅሉ ነገርኩት! ፈገግ ብሎ ሄደ።

ቀጥ ብዬ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሄድኩ። ሣጥኑን ተቀብለው ጓዳ አስገቡት፤ ቆለፉና ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ሁለት እጄን ታጥቤ ምሳዬን ተረጋግቼ በላሁ። የማሽላ እንጀራ እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል?

ሐሙስ

መጡ። አንድ ሹምባሽ፣ የባንዳዎቹ አለቃ፣ ሁለት ባንዳዎች አስከትሎ። «ለጦር ሰፈሩ የስፌት መኪና ይፈለጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል» አለ ሹምባሹ። ከዚህ ከተማ የተወሰዱት በቅሎዎችም እንዲሁ ተብሎላቸው ነበር አሉ።

ክፍላችንን በረበሩ፤ ፍራሼን ገለበጡ። ከዚያ ጓዳውን አስከፈቱና ሣጥኑን አወጡት።

እትዬ ዘሐራ ሣጥኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ይኼ የእኔ ነው። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ትቶልኝ የሄደው ነው።»

«ያ ሰውዬ ተሸክሞት ሲዞር ታይቷል» አለ ሹምባሹ እኔን እያሳየ።

«ቀጥሬው ነዋ! የፊት ለፊቱን ክፍል አንሶላ የሚሰፋው እሱ ነው። ጣሊያኑ ካፒቴን እንግዶቹን እዚያ ነው የሚያሳድረው። ውሰደው ግድ የለም፤ አንሶላው የታለ ሲለኝ ማን እንደወሰደው እነግረዋለሁ።»

ሹምባሹ ሣጥኑንም እሳቸውንም አየ። ከዚያ ወታደሮቹን ጠርቶ ወጣ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን ደስታዬ አልቆየም። ቤት ሙሉ ሰው «የእኔ ነው» ሲሉ ሰምቷቸዋል። ነገ «አዎ፣ የእኔ ነው» ቢሉስ? ለማን እከሳለሁ? ለሹምባሹ?

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ እትዬ ዘሐራ ሣጥኑን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ትናንት ዋሽቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። አሁን ሰዎቹ እንዲያምኑ ተቀመጥና አንሶላ ስፋ» አሉ።

አላስቻለኝም። «እትዬ፣ መንገዱ ሲከፈትስ?» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ከትናንት ጀምሮ ፊትህ ይኼንኑ ሲጠይቀኝ ነው የዋለ።» መቀነታቸውን ፈተው ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት። «ያዝ። ጓዳው ውስጥ ቅቤዬም፣ አልቦዬም አለ። እንግዲህ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።»

ጋሼ ሙሄ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ቅዳሜ

አራት አንሶላ ጨረስኩ። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፤ ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ የተቀደደ ጥብቆ ያመጣል። ፍራሼን ከገለበጡት ባንዳዎች አንዱም ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። ሰፋሁለት። እንደ ማንኛውም ደንበኛ አመስግኖ ሄደ። ገረመኝ።

እሑድ

ድልድዩ ተጠገነ። ጋሼ ሙሄ የበርበሬ ጆንያቸውን ካሚዮናችን ላይ ጫኑ። እትዬ ዘሐራ፣ «ከሄድክ ሣጥኑን በርበሬው መሐል እንሸሽገዋለን። ከቆየህ በረንዳው ያንተ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ገቡ።

አሰብኩት። አጎቴ ይቀየመኝ ይሆናል። ሹምባሹም ሐሳቡን ለውጦ ሊመለስ ይችላል። ግን ደሴም ሹምባሽ አይጠፋም፤ እዚያ «የእኔ ነው» የሚልልኝ ሰው መኖሩን እንጃ።

ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። «ትወጣለህ አትወጣም?» ብሎ ጮኸብኝ።

የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ መኪናዬ ላይ ነበር፤ አንዱ እጅጌው ገና አልተገጠመም።

«አልጨረስኩም» አልኩት።