የእትዬ ከድጃ ሙቅ ውሃ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4፣ ከሰዓት በኋላ

ከግሮቭፖርት መጋዘን ወጥቼ በቀጥታ ሂሊያርድ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ቤት። የሥራ ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም። ሰይድ ሁለቴ ኮል አድርጎልኝ ነበር። የአርቪው ውሃ አልሞቅ ብሏል።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሰይድ ቤት ባለፈው ወር ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ሁሉ ተነሥቷል። እስኪጠገን እሱ፣ ሚስቱ ዘሃራና እናቱ እትዬ ከድጃ ደጃፍ ላይ ባቆሙት አሮጌ አርቪ፣ አልጋና ማድቤት ባለው መኪና፣ ውስጥ ይኖራሉ። እትዬ ከድጃ ሰባን አልፈዋል። ለሱብሂ ሲነሡ ውዱእ የሚያደርጉት በበረዶ ውሃ ሆኗል። ቁርጥማት አለባቸው።

እኔን መጥራቱ አይገርምም። መጋዘን አብረን የገባን ጊዜ ኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ ብዬዋለሁ። ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ ማቋረጤን አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ «ኢንጂነር ጌታቸው» ነኝ። አላረምኩም።

የሂተሩን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ ክዳን በውጭ በኩል ከፈትኩ። ቴስተሬን አወጣሁ። ባትሪው ደህና። ከማብሪያው የሚመጣው አሥራ ሁለት ቮልት ደህና። ታንኩ ላይ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ውሃው ከልክ በላይ ሲግል ዘልላ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥ። ወደ እሷ ይገባል፣ ከእሷ አይወጣም። ተጫንኳት። ቀጭ። ጋዙ ቦግ አለ። ዘሃራ አጨበጨበች። እትዬ ከድጃ መረቁኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ቁልፏ እንደገና ዘልላለች። እንደገና ተጫንኳት።

አንዴ ብትዘል ይሁን። ሁለቴ ከዘለለች ምክንያት አላት። ውሃው ሲሞቅ እሳቱን ማጥፋት ያለበት ቴርሞስታት ነው። እሱ ተጣብቆ ካላጠፋ ውሃው ይግላል፣ ቀይዋ ትዘላለች። ይህን ያህል አውቃለሁ። ማለት የነበረብኝ፦ ቴርሞስታቱ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ባለሙያ ጥራ። ያልኩት፦ ቁልፏ አርጅታለች፣ ምንም አይደል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8፣ ከሥራ መልስ

ለሦስተኛ ጊዜ። በዚያ ላይ ተመልካች አለ፤ ሁለት የሰይድ ወዳጆች ከመስጊድ አብረውት መጥተዋል። ይሄ ሰውዬ የማይሠራው ነገር የለም ይላቸዋል። ቁልፏን ብጫን አልይዝ አለች። ታንኩ ገና ግሎ ነበር። እነሱ ይጠብቃሉ። 

አጭር ሽቦ ቆረጥኩ። ከቁልፏ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው አሻገርኩ። ቁልፏ እንደሌለች ሆነች። እሳቱ በራ። ክዳኑን ቶሎ ዘጋሁ።

ቁልፏን በሽቦ አታሻግር የሚለው ማስጠንቀቂያ እዚያው ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ። ቃል በቃል። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

እትዬ ከድጃ ተቃጠሉ።

ጠዋት ሰይድ ደወለ። ለውዱእ ቧንቧውን ቢከፍቱ የወጣው የፈላ ነው። ቀኝ እጃቸው፣ ከአንጓ እስከ ጣት። ኧርጀንት ኬር፣ የድንገተኛ ክሊኒክ፣ ነን አለኝ። ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ወደ ኧርጀንት ኬር አልሄድኩም፣ ማስታወሻዬ። ወደ አርቪው ነው የሄድኩት። ማንም የለም። ሂተሩን አጠፋሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ሽቦዋን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

ሲመለሱ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ሂተሩ አሮጌ ነው፣ ዳግመኛ አትንኩት አልኩት ሰይድን። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሺ አለኝ፣ አመሰገነኝ። እትዬ ከድጃ ፋሻቸውን ታቅፈው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀዝቃዛውን ሳልቀላቅል አሉ። የሚያርማቸው ሰው ከዚያ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። አላረምኩም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ሦስት ቀን በተከታታይ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ቅባት ይዤ። እንዴት አደሩ እላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይሉኛል። በግራ እጃቸው አይበሉም፤ ዘሃራ ታጎርሳቸዋለች። የሰው እጅ ጠብቀው መብላታቸው ያሳፍራቸዋል፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ነው የሚጎርሱት። ለኔም ቦታ ለቀው፣ ተቀመጥ ልጄ፣ ሻይ ይምጣልህ?

ቤት ስመለስ ሚስቴ እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ አለችኝ። ዕቃ ረሳሁ ብዬ ወጣሁ፣ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት። የረሳሁት ዕቃ የለም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ቀትር

ብሬክ ላይ እዚሁ ጋሃና ከሚባለው ሰፈር አንድ ሰው ደወለልኝ። ቁጥሬን የሰጠው ሰይድ ነው። እሱም አርቪ አለው፣ ሂተሩ ስፓርክ አያደርግም፣ እሳት አይጭርም። ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ፣ ቶሎ ቢመጡልኝ አለኝ። ሰይድ! እናቱ እጃቸው ተጠቅልሎ፣ እሱ ሰው ይልክልኛል።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁ። አፌ ነው የመለሰው። ምግቤን ከደንኩ። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ትሕትና መስሎት ሳቀ። አይደለም አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ጋዝ ያለበት ነገር ነው፣ ልጆች አሉዎት።  አመስግኖ ዘጋ።

ለማላውቀው ሰው ይህን ካልኩ ለሰይድስ? ከሥራ በቀጥታ ሂሊያርድ።

ያው ማክሰኞ፣ አመሻሽ

ሦስቱም ነበሩ። ተቀመጥ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ተናገርኩ። ሽቦውን። መንቀሌን። ኮምቦልቻንም። ዘሃራ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። ሰይድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«እኛ ኧርጀንት ኬር ሳለን ነው የነቀልከው?»

አዎ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ዘሃራ ተከተለችው።

እትዬ ከድጃና እኔ ቀረን። ፋሻቸውን በግራ እጃቸው አስተካከሉ። ከዚያ፦

«እጁስ ይድናል» አሉኝ። «ሦስት ቀን እየመጣህ እንዴት አደሩ ስትለኝ ግን፣ እንዴት ቻልከው ልጄ?»

  ይቅርታ እንኳ ያልኩት በሩ ላይ ደርሼ ነው፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ሰይድ ሥራ ላይ አያየኝም። ሌላ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ሰዎች ምን ሆናችሁ ይላሉ። ምንም አልልም፤ ማውራቱ የእሱ መብት ነው።

ሚስቴ አሁን ታውቃለች። ነገርኳት። ደግ ሰው ነህ ያለችውን አልሻረችም፣ አልደገመችምም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሰይድ ቴክስት አደረገ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ቴክኒሻን ይመጣል። ምን እንዳደረግክ ቆመህ አንተ ንገረው።» ሌላ ቃል የለም። ሰላምታ የለም።

አሥር ጊዜ አነበብኩት። መቅጣቱ ነው? ወይስ ና ማለቱ? ሁለቱም ይሆናል። ቅዳሜ ኦቨርታይም ተመዝግቤ ነበር፣ አሰረዝኩ። እሄዳለሁ። ሰይድ አጠገቤ ይቆማል። እትዬ ከድጃ በመስኮት ያያሉ፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ፊቴን ግን ያነብባሉ።

የምለውን በእንግሊዝኛ እያሰናዳሁ ነው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ተገኝታለች፦ ሽቦውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ቴክኒሻኑ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሰው ፊት ኢንጂነር መስዬ መታየት ፈልጌ ነው እለዋለሁ።