መቶ ስምንቱን ማን ይጨርስላቸው

ለውድ ወንድም ጋሼ፣ ለመሪጌታ ይገዙ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት፣ ማኅሌት መቆሙን ቻለልዎ? የላክሁት መነጽር ልክ ሆነልዎ ወይስ እንደ ፊተኛው መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን አካሌን ነው እንጂ የምነግርዎት ጭንቅ አለብኝ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት እናንተ ቤት ስልክ የሚነሳው በስፒከር ስለሆነ ነው። አገር ምድሩ ሰምቶ «አበዛሽ አሜሪካ ገብታ ሃይማኖቷን ለወጠች» ከሚለኝ፣ ቅዳሜ ወደ አገር ቤት ለሚበረው ለአሸብር አሽጌ ብሰጠው ይሻለኛል ብዬ ነው።

የማስታምማቸውን ህንዳዊት አሮጊት፣ ወይዘሮ ሳሮጃን፣ አንስቼልዎት አውቃለሁ። የሚኖሩት እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው። እርስዎ ዳዊት ሳይደግሙ እህል እንደማይቀምሱት ሁሉ፣ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ሺቫ የሚሉትን አምላካቸውን ከበሽታና ከሞት ጠብቀኝ እያሉ በዜማ ይማፀናሉ፤ ያንኑ ቃል መቶ ስምንት ጊዜ። አምና ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ስለያዘው መቁጠሪያውን የምስብላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው በአፋቸው፣ እኔ በጣቴ። መቁጠር ምን አለበት፣ አፌ እስካልገባበት ድረስ እያልኩ ራሴን ስደልል ዓመት ሞላኝ። ግን ጆሮዬን ያውቁታል። ልጅ ሳለሁ እርስዎ ለተማሪዎችዎ ዜማ ሲያስተምሩ፣ ከግድግዳው ወዲያ ምስር እየለቀምኩ ከእነሱ ቀድሜ የምይዘው እኔ አልነበርኩም? ይህም እንዲሁ ሳላውቀው ገባብኝ።

ያለፈው ረቡዕ ጠዋት ስልሳ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አንደበታቸው ተያዘ። ቃሉን ከመሀል ቆርጠው ቀሩ። ከንፈራቸው ወደ ጎን ሄደ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። 911 ደወልኩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ግራ እጃቸው እጄን ከነመቁጠሪያው ጨምድዶ ይጎትተኛል፤ ጨርሺልኝ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ወንድም ጋሼ፣ የቀረውን በአፌ ጨረስኩላቸው። አፌ አመለጠኝ ብዬ ልዋሽዎት ነበር፤ አላመለጠኝም፣ አውቄ ነው።

አሁን እዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ተኝተዋል። የአንገታቸው ደም ስር በኦፕሬሽን መከፈት አለበት፤ ግን የደም ግፊታቸው አልወርድ ስላለ ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ አራዘሙት። ልጃቸው ያንኑ ጸሎት ከስልኩ ከፈተላቸው፤ ዜማው የእሳቸው ስላልሆነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የአጫብርን ዜማ ለለመደ ሰው በቆማ ስልት ቢያዜሙለት እንዴት እንደሚያኮርፍ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ልጅየው ደግሞ እዚሁ ያደገ የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ከእናቱ ጸሎት አንድ መስመር እንኳ አያውቅም። የእናቱን ዜማ በዚህ አገር የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር ጠፋ! ሽበት የወረረው ሰውዬ ኮሪደር ላይ ቆሞ እያለቀሰ ለመነኝ።

ሦስት ቀን እየገባሁ አዜምኩላቸው። ነርሷ ማሽኑን እያየች «ዶንት ስቶፕ» ትለኛለች። ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁ። የማንን ስም እየጠራሁ ነው? እሁድ ቅዳሴ ሄጄ ከጫማ መደርደሪያው አላለፍኩም፤ እዚያው ቆሜ አስቀድሼ ተመለስኩ። የንስሐ አባቴንም አልጠየቅኳቸውም፤ ተይ ቢሉኝ መተው ሊኖርብኝ ነው። ልጄ ራኬብ «ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ፣ ጀስት ሚውዚክ ነው እኮ» ትለኛለች። ሙዚቃ እንዳልሆነ እኔና ወይዘሮ ሳሮጃ እናውቃለን።

ትናንት ሐኪሙ ግፊቱ በቂ ወርዷል ብሎ ለነገ ጠዋት ቀጠራቸው። ነገ ገብርኤል ነው። የኦፕሬሽኑ ክፍል በር እስኪዘጋ አጠገባቸው እንድሆን ፈቅደውልኛል። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ነገሩ ያለቀ ስለሆነ ፈቃድ እየጠየቅኩዎት አይደለም፤ እገባለሁ። ወይዘሮዋ ቢሞቱብኝ አፌን በከንቱ አረከስኩ። ቢድኑስ ማን አዳናቸው ልበል? ጭንቀቴ ይኸው ነው። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፤ ስገጂ ቢሉኝም እሰግዳለሁ፣ ቁጥሩን ብቻ ለወገቤ አዝነው ይወስኑት።

እትዬ ገበያነሽን እጅ ነስታለች ይበሉልኝ፤ የእግሯን ቅባት አሸብር ይዞታል። ስንታየሁ ፈተናው እንዴት እንደሆነለት ይጻፍልኝ እንጂ በልብ ምልክት ብቻ አይሸንግለኝ። ማሂን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ አንዱን ብቻ ከሆነ ታኮርፋለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጸሎት ሲያደርሱ ወይዘሮዋን፣ ያን ጊዜ እሳቸው በሕይወት ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ያስቡልኝ። የክርስትና ስም የላቸውም። እንዲሁ ሳሮጃ ብለው ይጥሯቸው።

እህትዎ አበዛሽ
ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ አትላንታ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.