የገብስማ ዶሮ ላባ

ሙሌዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እኔና ልጅህ ሶሊ ደህና ነን። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፤ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ አንተም የሄድከው እዚህ በሰው አገር ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ነበር። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ውሸትም አይደለም፤ የሚያመኝ ነገር የለም። የሚያስቀኝም የለም። ሥራ እሄዳለሁ፣ አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ጥርስ ሊነቀልለት የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለው የለ? እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሶሊ በቁመት በልጣኛለች። መኪና መንዳት እየተማረች ነው፤ እሷ ስትነዳ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን እጭናለሁ። የጓሮውን በር ላስጠግነው ላስጠግነው እንዳልክ አሁንም አልተጠገነም። እህትህ እትዬ ዘነበች በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች፤ ፍሪጁን ከፍታ ታያለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ከዚያ ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን።

በአርባህ ልብስህን አከፋፈልን። የምትወደውን ቡናማ ሹራብ አጣጥፌ ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ልብስ አለፍኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻቸዋለሁ። ጨክና ነው ሳይሉኝ አልቀሩም። እኔ ግን እንባዬን ከልክዬው አልነበረም፤ አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ቀረ። ያን ቀን ጠዋት ሻኮፒ ካለው መጋዘን ከናይት ሺፍት ወጥተህ፣ መኪናህ ውስጥ እንደተቀመጥክ ልብህ ስትቆም፣ በመመለሻህ ወንዝ ጎራ ልትል ኖሯል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህን፣ ያን እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ሱሪህንና ዝንብ የምትላቸው የላባ መንጠቆዎች ያሉበትን ሳጥንህን ከኋላ ትራንኩ ውስጥ ጭነሃቸው ነበር። አሁን መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ትራንኩን አልከፈትኩም። አስቤዛ ስገዛ የኋላ ወንበር ላይ እደረድራለሁ። ወተቱ አንዴ ተደፍቶ ወንበሩ ሸቶ ነበር፤ ያኔም አልከፈትኩም።

ያን ዘንግ ስትገዛ ትዝ ይልሃል? ሶፋችንን ቁጭ ብለህ ሳትሞክረው የገዛህ ሰውዬ፣ ዘንግ ለመምረጥ የበረዶውን ወራት ሙሉ ፈጀህ። በየሱቁ ይዘኸኝ ትዞራለህ፤ እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ ጫማ መለኪያው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ አንተ መደርደሪያዎቹ መሀል ቆመህ ባዶ ዘንግ ታወዛውዛለህ። አምስት ቁጥር ቀጭን ነው፣ ከባዷን ዝንብ ንፋስ ይቀማዋል አልከኝ። ስምንት ቁጥር ደግሞ ወፍራም ነው፣ የዓሣውን ጨዋታ ይገድለዋል አልከኝ። ስሞልማውዝ ባስ የምትለው ዓሣ ከድንጋይ ሥር እንደሚኖር፣ ሲያዝ ከውሃው ወጥቶ እንደሚዘል፣ ስለዚህ ስድስት ቁጥር ልኩ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳኸኝ። እኔ የገባኝ ቤት የምንሄደው ስድስት ቁጥር ሲገኝ መሆኑ ነበር። ወንዝ የምትገባበት ጫማ ላይ ደግሞ ባሰብህ። ዘንግ ቢሰበር ሰው ቤቱ ይገባል፣ ጫማ ቢያንሸራትት ግን አልማዝ መበለት ትሆናለች እያልክ ሻጩን አሳቅከው። የገዛኸው ጫማ አንሸራቶህ አያውቅም።

ማኅበርተኞቹም አልለቀቁህም ነበር። ዓሣ ይዞ መልሶ የሚለቅ ሐበሻ አይተው አያውቁማ። ቅዳሜ የት ነው ሙሉጌታ ከተባለ መልሱ ዓሣ ጥየቃ ሄዷል ነበር። እንዴት ናቸው፣ ተሻላቸው ወይ ይሉሃል። አንተም ሰላም ብለዋችኋል ትላቸዋለህ።

የዶሮው ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። ለበዓል ዶሮ የምንገዛው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው እርሻ፣ በቁሙ መርጠን አልነበር? እኔ ሥጋ ያለውን ስፈልግ አንተ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለህ አንገት አንገታቸውን ታያለህ። ገብስማ ካልሆነ አልገዛም ትላለህ። ያ የተዥጎረጎረ የአንገት ላባ መንጠቆ ላይ ሲጠመጠምና ውሃ ሲነካው ነፍስ ይዘራል፣ ሱቅ የሚሸጠው አይደርስበትም ትላለህ። ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ሐበሻ ይህን ከየት ይወቅ። ሥጋውን ትቶ በላባው ቀለም ገብስማ አውራ ዶሮ የሚመርጥ ሰው ለማን እንደሚያርደው ሁሉም በየሆዱ ጠረጠረ። ወሬው እትዬ ዘነበች ጆሮ ገባና አንድ ቀን ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጣች። እኔን ወደ ጓዳ ጎትታ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠንቋይ ነው ወይ ገብስማ አምጣ ያለው?» አለችኝ። አንተ ሳሎን ሆነህ ሰምተህ በሳቅ ፈረስክ። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመህ የሠራሃትን ዝንብ አምጥተህ መዳፏ ላይ አስቀመጥክላት። አገላብጣ አየቻት፣ አመነችህም። ጠበሉን ግን ረጨችህ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሰልፉ ላይ የማላውቅህ መስዬ ራቅ ብዬ እቆም ነበር። አንተ ደግሞ ሆን ብለህ፣ አልማዝ ይሄኛው አንገቱ አያምርም ወይ ብለህ ትጣራለህ።

ለፋሲካ ሶሊ ካልገዛን ብላ አስጨነቀችኝና አንድ ነጭ ዶሮ ገዛን። እርሻው ውስጥ አርደው ሰጡን። ቤት ገብቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ከመንከሬ በፊት፣ ደረቅ እንዳለ የአንገቱን ላባ ነቅዬ በላስቲክ አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩልህ። ነጭ እንደማትፈልግ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሌላው ትዝ አለኝ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። አላለቀስኩም። ውሃውን እንደገና አፈላሁት።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ዘነበች ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ዕቃው ይውጣ አለችኝ። «የሰው ዕቃ በመኪና ሲዞር እየዋለ ነፍሱ እንዴት ታርፋለች?» አለች። እሺ አልኳት። በዚህ ዓመት እሺ ያላልኩት ነገር የለም። መጋዘን አብሮህ ሲሠራ ወንዙን ያሳየህ ሽማግሌ፣ ኤድ፣ ዘንጉን ያውቅበታል ብዬ ደወልኩለት። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ አለ። ሶሊ ይህን ስትሰማ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ስትወጣ «ዩ ዲድንት ኢቭን አስክ ሚ» አለችኝ፤ እንኳን ልትሰጪው አልጠየቅሽኝም ማለቷ ነው። ዕቃ እኮ ነው ልጄ አልኳት። እንደምታውቀው በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ያን ቀን ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «እማዬ፣ የእኔም አባት ነበር» አለችኝ።

ቅዳሜ ኤድ መጣ። ሶሊ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ትራንኩን ራሷ ከፈተችው። የጎማና የወንዝ ሽታ ወጣ። ኤድ ዘንጉን አገጣጥሞ ሁለት ሦስቴ አወዛወዘው። ሶሊ ከመወሰዱ በፊት አንዴ ብቻ ልሞክረው አለችው። እሱ እኔን አየኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ እሺ አልኩ። ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ሚሲሲፒ ድንጋዩ ላይ ሳስቶ ወደሚፈስበት፣ አንተ ሁልጊዜ ነይ ትለኝ ወደነበረው ቦታ ወሰደን።

ሶሊ በቁምጣና በአሮጌ ስኒከር ገባች። የውሃ ሱሪህ ትርፍ ሆነ። ኤድም ሶሊም ወደ እኔ ዞሩ። ስንት በጋ ለምነኸኝ ቀሚሴን ሰብስቤ ዳር የተቀመጥኩትን ሴትዮ ታውቃታለህ። ለበስኩት። የደረት ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ቆሎ አገኘሁ፤ የቆላሁልህ ገብስና ሱፍ ነው። አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጣልኩ። ለስልሷል፣ ከርሟል። አልተፋሁትም።

ውሃው ጉልበቴን ሲያልፍ ሱሪውን በየአቅጣጫው እግሬ ላይ ለጠፈው፤ ሰው አጥብቆ የያዘኝ መሰለኝ። ከዚያ በረደኝ። አለቀስኩ ብዬ አልዋሽህም። ግን ብርዱ የእኔ ነበር ሙሌ፤ የሌላ ሰው እግር አልመሰለኝም።

ሶሊ አንተ ጓሮ ሣሩ ላይ እንዳስተማርካት ወረወረች። ክሩ ጀርባዋ ላይ ሲዘረጋ ትጠብቃለች፣ የታች ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አንተን ነው የምትመስለው። ብዙ ሳትቆይ ያ ዓሣ ያዘላት፣ ዘለለ፣ ዘንጉ ጎበጠ። እኔን ነው የጠራችኝ። በደረቅ እጅ ዓሣ አይያዝም፣ ፊቱ ውሃው ወደሚመጣበት ይዙር ስትል ስንት ዓመት ሰምቼሃለሁ፤ ለካ ጆሮዬ ይዞት ኖሯል። እጄን አርጥቤ ከሆዱ ሥር ያዝኩት። ቡናማ ነው፣ ጎኑ ላይ መስመር መስመር አለው፣ ዓይኑ ቀይ ነው። መዳፌ ላይ ሆኖ ተነፈሰ። ቶሎ አልሄደም። እጄን ዘርግቼ ነበር የያዝኩት፤ ሲበቃው ጭራውን አንዴ መታና ሄደ። እኔ አልለቀቅሁትም። ራሱ ነው የሄደው።

ሶሊ ዝንቧን አሳየችኝ። ገብስማ ነበረች፣ ዓሣው አኝኳት ላባዋ ረግፏል። ሳጥኑ ውስጥ የዚያ ዓይነት ጥቂት ናቸው የቀሩት። ኤድ ዘንጉን ፈታታ፣ ጠረገው፣ ወደ ራሱ መኪና ይወስደዋል ስል ትራንካችን ውስጥ መልሶ ዘጋው። ለሶሊ ላባ ካመጣሽ የዝንቧን አሠራር አሳይሻለሁ አላት። እኔን ጨብጦኝ ሄደ።

ለእትዬ ዘነበች ዕቃው አይወጣም ብያታለሁ። በዓመት ውስጥ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሰማችኝና ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች። ዘጋችው።

እንግዲህ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ልንገዛ ነው። የምትነዳው ሶሊ ናት። ሰልፉ እንደምታውቀው ነው፤ የሚያውቀን ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ እኔም ጥቁሬን አላወለቅሁም። ተዝካርህን አወጣለሁ፣ ሻማህን አበራለሁ፤ እሱ ለማንም ሰው የሚደረግ ነው። አንተን የማስታውስህ ግን አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አንገት አንገታቸውን እያየሁ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ገብስማውን ስጡኝ እላለሁ። የፈለጉትን ይጠርጥሩ።

ያንተዋ አልማዝ