እሑድ ሳይደርስ መብራት ያለበት ስክሪን

ማክሰኞ

አልበራም። ፊውዙ ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ማብሪያውን ስጫን ከውስጥ ጢቅ፣ ጢቅ ይልና ይተወዋል። ይሄን ሆዳም የድሮ ስክሪን ከለንደን ኬኒንግተን ስትሪትሃም ቤቴ ድረስ በሰው መኪና አምጥቼ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ጎልቼዋለሁ። ራቴን ቆሜ በላሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ የኮምፒውተራቸው ስክሪን ተበላሽቶባቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው፣ «አዲስ አበባ እያለሁ ቴሌቪዥን እጠግን ነበር» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? አሁን ፓርክ ሮያል ፋብሪካ ውስጥ ሳንድዊች ነው የማሽገው።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር፣ ልጃቸው ሳሮን ገና ሕፃን ሳለች ነው ያረፉት። ከዚያ በፊት ለሳሮን ሠርግ የሚነበብ ምርቃት በቃላቸው ሲነግሯቸው፣ ጋሼ ተይበውታል። የታተመበት ወረቀት ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። የቀረው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ ስክሪን አይገጥመውም። ሠርጉ እሑድ ነው። ሳሮን ጉልበት ስትስም የእናቷ ቃል መነበብ አለበት።

ረቡዕ

ከፈትኩት። ፈርቻለሁ። የዚህ ዓይነቱ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። አስተማሪያችን ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብ እንዳያልፍ «አንድ እጅ ኪስ ውስጥ!» ይሉን ነበር። ግራዬን ኪሴ ከትቼ በቀኜ ሠራሁ።

ትልቁ ቦርድ ላይ አረንጓዴ ዝገት አገኘሁ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ውኃ ፈሶበት ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም! ሻይ እንኳ አጠገቡ አላስቀምጥም።»

ታዲያ ከየት መጣ?

ሐሙስ

አልኮልና የጥርስ ብሩሽ። የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጠልኩ። በራ! ጮህኩ። ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። በንዴት አለቀስኩ።

ሳሮን ቴክስት አደረገች፦ «ኦንቲ፣ ዶንት ዎሪ፣ ባይሆንም ኦኬ ነው።» ኦኬ ቢሆን ኖሮ በቀን አራቴ አትጽፍልኝም ነበር።

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ኬኒንግተን ጋሼ ቤት ሄድኩ፤ የነበረበትን ቦታ ቼክ ላድርግ ብዬ። ጣሪያው አያፈስም። ግድግዳው ደረቅ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ግን፣ ከማርያም ሥዕል ሥር፣ የጸበል ጠርሙስ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«በየወሩ በማርያም ቀን ቤቱን እረጨዋለሁ። ስክሪኑንማ አስቀድሜ ነው፤ የእሷ ቃል ያለበት አይደል?»

«ውኃ ፈሶበታል ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር'ኮ!»

«ጸበል ውኃ ነው እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው።

ከላይ፣ በአየር ማስገቢያው በኩል ከሆነ የገባው፣ ምስሉን ከሚያወጣው የመስታወት ቱቦ ጀርባ ያለችውን ትንሿን ቦርድ ማየት ነበረብኝ። ቤቴ ተመልሼ አየኋት፤ እግሮቿ ዝገው ሊበጠሱ ደርሰዋል። ጠረግሁ፣ በየድሁ። ግማሽ ሰዓት በራ። ራሴ አጠፋሁት፣ የቀረችውን ዕድሜ እንዳይጨርስ።

ቅዳሜ

ኬኒንግተን ወስጄ ገጠምኩት። ጋሼ ሊረጩት የጸበሉን ጠርሙስ አነሱ። መሐል ገብቼ ቆምኩ። «ዛሬ አይሆንም!» አልኳቸው፤ ታላቅን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

በራ። አረንጓዴ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን አማርኛ ነው። በስልክ ላነሳው ብል የሚታየኝ ጥቁር መስመር ብቻ ሆነ። ስለዚህ እሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። መሐል ላይ ምስሉ ከዳር ከዳር መጥበብ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ዝም ያሉት።

«ያንብቡ እንጂ! እየጠፋ ነው!»

ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «አባትሽ ይቺ ጋ ሲደርስ ያለቅሳል፤ ታገሺው፣ ልጄ።»

ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ቀጠሉ፣ እጄ እስኪዝል። ጢቅ አለና ጨለመ። ደግሜ አበራሁት፤ የለም።

«የቀረ አለ?» አልኩ።

«አሜን ብቻ» አሉ።

ነገ አንብበው መጨረሳቸውን እንጃ። ሁለተኛ ግልባጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።