አቶ ዓምደ ሚካኤል ገብረ ኪዳን፦ ስለ ዮጋቸው የታየውና ያልታየው

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ አዘዘ ኅዳር 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በደራ፣ አንበሳሜ አካባቢ ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለ ነበረ ስማቸው ከዚያ ወጣ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ዘንድ ተማሩ። አባታቸው ለዜማ አስበዋቸው ነበር፤ ነገር ግን በአሥራ አራት ዓመታቸው የአባታቸውን ጸናጽል ፈታትተው መልሰው ሲገጥሙት አንድ ቀለበት ጎድሎ ተገኘ። መሪጌታም «ይህ ልጅ ለብረት እንጂ ለማኅሌት አልተፈጠረም» ብለው አሰናበቷቸው።

በ1945 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር መጥተው በጣና ላይ ከሚመላለሱት የሞተር ጀልባዎች በአንዱ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ሥር ስምንት ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1953 ዓ.ም. ራሳቸው መካኒክ ሆኑ። በጥር 1957 ዓ.ም. ወይዘሮ እናትዓለም ደሞዝን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ትናንት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ለመሆኑ ሰውየው በሃይማኖቱ ነው የሞተው?» ተብሎ ተጠይቋል። የጠየቁት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ከእነሱ በፊት ቤተሰቡም ጠይቆታል። ጥያቄው ሟች አፈር ሳይለብሱ መልስ ማግኘት ስላለበት፣ ታናሽ ወንድማቸው አስማማው ያየውን ብቻ ጽፏል። አስማማው የሐይቁን ከፍታ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየለካ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነው። ከሟች ጋር በአንድ ግቢ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል።

በ1963 ዓ.ም. አቶ ዓምደ ሚካኤል የጀልባ ሞተር ሲያነሡ ወገባቸውን ተጎዱ። ጠበል ተጠመቁ፤ ወንዛዬ ፍል ውኃም ሁለት ጊዜ፣ ሰባት ሰባት ቀን ተቀመጡ። ሕመሙ ጋብ ይልና ይመለስ ነበር። በዚያን ጊዜ ከጎረቤታቸው ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በጥቅምት 1964 ዓ.ም. መምህሩ አጎዛ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ጀርባቸውን እንዴት እንደሚያቀኑና ትንፋሻቸውን እንዴት እንደሚቆጥሩ ያሳዩአቸው ጀመር። ይህ ነው ዮጋ የተባለው።

ሰፈሩ ሚስተር ኩሪያንን «ላም አምላኪ» ይላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከሐዋርያው ቶማስ ጀምሮ ክርስቲያን ነን ከሚሉ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ። አስማማው ይህን አላመነም፤ ሦስት እሑድ ተከትሏቸው ሄዶ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ሲቆሙ አየ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላመናቸውም። መምህሩ በ1968 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ እናትዓለም በመጀመሪያው ወር ደጁ ላይ ቆመው «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ማንን ነው የምትጠራው? ቤቴን የጋኔን ማደሪያ እንዳታደርግብኝ!» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ማንንም አልጠራሁም፤ ወገቤን ነው የምለምነው» ይላሉ። ወገባቸው በእርግጥ ተሻላቸው። የዳነ ሰው ግን መድኃኒቱን ይተዋል። እሳቸው አልተዉም፤ ጥርጣሬውም በዚህ ባሰ።

አስማማው ከመስከረም 1967 እስከ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድረስ የወንድሙን ጠዋት ከሐይቁ ከፍታ ጎን መዘገበ። አቶ ዓምደ ሚካኤል በዚህ ጊዜ ሁሉ ሳይቀመጡ የዋሉት ሠላሳ ሰባት ቀን ብቻ ነው። ቅዳሴ የቀረባቸው አራት እሑድ ሲሆን ሦስቱን በሥራ፣ አንዱን በወባ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጠዋት ወደ አጎዛው የሚሄዱት ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ያዛጋሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ አንዳንዴም ተመልሰው ይተኛሉ። ካልወደዱት ለምን እንደማይተዉት ሲጠየቁ «ሞተር የሚያስቸግረው ሲነሣ ነው። ሦስት ትንፋሽ እስክጨርስ ነው የምታገለው፤ ከዚያ ራሱ ይሄዳል» ብለዋል። ምን እንዳገኙበት ግን በዚያን ጊዜ አልተናገሩም፤ አስማማውም ዝምታውን በጥርጣሬ ጻፈው።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የቀበሌው ጥበቃዎች ወሰዷቸው። በሐይቁ ማዶ ስላሉት ታጣቂዎች ሁሉም ሰው የሚሰጋበት ጊዜ ነበር። ከዮጋው አንዱ ክፍል በራስ መቆም ነው። የቤታቸው መስኮት ወደ ሐይቁ ያያል፤ አንድ ጥበቃ በዘጠኝ ጠዋቶች ሁለት እግር በመስኮቱ ተተክሎ አይቶ፣ ከማዶ ለሚመጣ ጀልባ ምልክት ነው ብሎ አመለከተ። የጀልባ መካኒክ መሆናቸው ነገሩን አከበደው።

ሊቀ መንበሩ «እግሩን ወደ ላይ የሚሰቅል ሰው ለማዶ ሰው ካልሆነ ለማን ብሎ ነው?» አሉ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምልክት የምሰጥ ብሆን እጅ እያለኝ በእግሬ እሰጣለሁ?» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። በዚያ ወቅት ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልነበረ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። አስማማው መዝገቡን ለማቅረብ አራት ቀን አመነታ፤ መዝገቡ ወንድሙን ሊያድንም ሊያጠፋም ይችል ነበርና። በአምስተኛው ቀን ይዞ ቀረበ። ጥበቃው ከጠቀሳቸው ዘጠኝ ጠዋቶች በስድስቱ ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ከቤታቸው አርባ እርምጃ የሚርቀው የውኃ መለኪያ እንኳ አይታይም ነበር። በቀሩት በሦስቱም ጀልባ አልወጣም።

ሊቀ መንበሩ ቅጠል በቅጠል አገላበጡ። «አንተስ የገዛ ወንድምህን የምትጽፈው ማን አዞህ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝ። ጠርጥሬው ነው።»

«በምን?»

«በሃይማኖቱ።»

ሊቀ መንበሩ በዚህ ጊዜ ሳቁ። «የሃይማኖት ከሆነማ ለቄሶቻችሁ ንገር! እኛን አይመለከትም» አሉ። ቀበሌው ጉዳዩን ሁለት ሳምንት አጣርቶ ለቀቃቸው። በፍቅር የመሰከረ ወንድም ባልታመነ ነበር፤ የታመነው የጠረጠረው ነው።

ወንድማማቾቹ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። በመንገድ ላይ አቶ ዓምደ ሚካኤል «ሦስት ዓመት ሙሉ በመስኮት ስታየኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ገብተህ አትጠይቅም? በሩ መቼ ተዘጋ?» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «እሽ፣ ምን አገኘህብኝ?» ሲሉ አስማማው «ገና አልጨረስሁም» አለ።

ከዚያ በኋላ ዮጋውን ለሁለት ወር ተዉት። በዚህ ጊዜ የታየው ነገር ሊጻፍ ይገባዋል። ቀድሞ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ በ1962 ዓ.ም. ከረዳታቸው ጋር ተጣልተው የመሥሪያ ቤቱን መፍቻ ሐይቅ ውስጥ የወረወሩ ናቸው። ዮጋውን ከያዙ ወዲህ ሲቆጡ መጀመሪያ መሣሪያውን ያስቀምጣሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ሲተዉት ያ ሰው ተመለሰ። በልጆቹ ላይ ይጮኹ ነበር፤ ዳዊት ጀምረው ሳይጨርሱ ይዘጋሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ እናትዓለም ራሳቸው አጎዛውን አውጥተው ዘረጉና «ሂድ ተቀመጥ! ጋኔኑስ የመጣው ከተውኸው ወዲህ ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲሰንፉ አጎዛውን የሚዘረጉት ወይዘሮ እናትዓለም ሆኑ።

በ1971 ዓ.ም. የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ዮሐንስ ወሬውን ሰምተው በራሳቸው ዓይን ለማየት መጡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አዩ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ተቀምጠው ከተነፈሱ በኋላ ተነሥተው ዳዊት ደገሙ። አባ «እግርህን ወደ ሰማይ መስቀሉን ተው፤ ሰማዩ ፊትህን ነው የሚፈልገው። መቀመጡ ልብህን ለጸሎት ከሰበሰበልህ ተቀመጥ። እኔ ግን ዓይኔን ከአንተ ላይ አላነሣም» አሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤል በራስ መቆሙን በዚያው ቀን ተዉ። አባም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያስታውቁ ብቅ እያሉ ጎብኝተዋቸዋል።

እንዲታሰሩ ያመለከተባቸውን ጥበቃ በመንገድ ሲያገኙ ሰላምታ ነፍገው አያውቁም። ይህ ከይቅርታ ይሁን ከጥንቃቄ አስማማው መለየት አልቻለም።

በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጀመራቸው። ሆስፒታል ገብተው ሁለት ወር ታከሙና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰውነታቸው ሲደክም ወይዘሮ እናትዓለም በትራስ ደግፈው ያስቀምጧቸው ነበር። ከማረፋቸው ከስምንት ቀን በፊት አስማማው በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እንዲህ ስትሆን ምን ይታይሃል?» አላቸው። እሳቸውም «ብነግርህ አታምነኝም፤ ብትጽፈውም አይጠቅምህም። ና አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። ልዩ ነገር አላየም። የወንድሙ ትንፋሽ ዝግ ያለና እኩል ነበር፤ የራሱ ግን ይቆራረጥ ነበር። ሲነሣ ወንድሙ እጁን ይዘውት እንደ ነበር አወቀ፤ መቼ እንደ ያዙት ግን አላስተዋለም።

የካቲት 14 ቀን አባ ወልደ ዮሐንስ መጥተው አናዘዟቸው፤ ሥጋ ወደሙም ተቀበሉ። ይህን ወይዘሮ እናትዓለም፣ ሦስቱ ልጆችና አስማማው ቆመው አይተዋል። በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው የካቲት 18 ቀን 1980 ዓ.ም. ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም ደሞዝ፣ ልጆቻቸው ፅጌ ማርያም፣ የሺመቤትና አምባቸው፣ እንዲሁም ወንድማቸው አስማማው በሕይወት ይገኛሉ።

ለትናንቱ ጥያቄ የቤተሰቡ መልስ ይህ ነው፦ አቶ ዓምደ ሚካኤል በሃይማኖታቸው ሞተዋል። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ በልባቸው ውስጥ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። ይህን ሳያውቅ የሚፈርድ ካለ ግን አስማማው ከእሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ አይቷቸዋል፤ የሚከስስበትም አላገኘም። የቀረ ጥርጣሬ ያለው ሰው ዛሬ፣ አሁን፣ ቀብሩ ሳይፈጸም አስማማውን ይጠይቀው። ከነገ ጀምሮ ወይዘሮ እናትዓለምንና ልጆቹን ማንም ስለዚህ ነገር እንዳይጠይቃቸው ቤተሰቡ ይለምናል።

ልብን የሚመረምር አምላክ እኛ ያላየነውን አይቶ ይቅር ይበላቸው፤ ስሙን የተሸከሙለት ቅዱስ ሚካኤልም ነፍሳቸውን ወደ ዕረፍት ቦታ ያድርስልን። አሜን።