አውድማ ላይ ያለቀስንልሽ

ስሚ አስካለ! ከባድ ወሬ ይዤ መጥቻለሁና ጆሮሽን አቅኚ። ቀዩ አውራ ዶሮሽ ጅራቱ ሙልጭ ብሎ ረግፎ ራቁቱን ቀርቷል። ዶሮዎቹ ግን አሁንም መንገድ ይለቁለታል፤ ሹመት መቼም እንዲህ ነው።

ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። አጎዛሽን ድመቷ ወርሳዋለች፤ ልቀመጥበት ስል ትቧጭረኛለች፤ አመሏን ከማን እንደወሰደች አንቺው ታውቂያለሽ። የልጅ ልጆቻችን ቀልዴን ስለለመዱት አይስቁልኝም። እኔም ዛሬ የምጽፍልሽ ለቀልድ አይደለም፤ አንጀቴ አሮ ነው።

መቼም ታስታውሻለሽ፣ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ያረጁት ትላልቅ ሰዎች ወደዚህች ደብረ ብርሃን ዳር ወዳለች መንደራችን የሚመጡት የቀረ ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ነበር። ፊታውራሪው፣ የጠጅ ቤቱ አዛዥ፣ የመንደራችን ቀኛዝማች ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም እዚሁ አረፉ። የሁሉም አልቃሽ አንቺ ነበርሽ። ከጦር ሜዳ የሸሸውን «አንበሳው» ትይው ነበር፤ ለለማኝ ቁራሽ የነፈገውን «እጀ ሰፊው»። እኔ ከኋላሽ ጠጋ ብዬ፣ «ምነው እቴ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ውሻ ሲጮህ በሩን የሚቀረቅር ነበር!» ስልሽ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። ሰዉ ሲቃ የያዘሽ ይመስለዋል።

አንቺ ስታርፊ ግን ጣሊያን ለቅሶ ላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። «ለቀስተኛ መሃል አርበኛ ይደበቃል» አለ። ያለ ሙሾ፣ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በጥድፊያ ቀበርንሽ። የስንቱን ሬሳ ያስከበረች ጉሮሮ በዝምታ አፈር ለበሰች! ጣሊያንስ ጠላት ነው፤ ከጠላት ምን ይጠበቃል? እኔን የሚያንገበግቡኝ የኛው ትልልቆች ናቸው። ለወንድማቸው ስታለቅሺ ድምፅሽ ተዘግቶ የሰነበተላቸው ቀኛዝማች እንኳ «እግዜር ያጥናህ» ሊሉኝ ደጄን አልረገጡም። አንድ ሰው ብቻውን መጥቶ እንዳያጽናና ደግሞ ማን ከለከለ?

ሙት ዓመትሽ ከገብስ ውቂያ ጋር ገጠመ። ደቦ አልተከለከለም፤ ገብሱን ጣሊያንም ለበቅሎዎቹ ይፈልገዋል። ስለዚህ ጎረቤቱን ሁሉ ለደቦ ጠራሁት። በሬዎቹ አውድማው ላይ መዞር ሲጀምሩ ወንዶቹ የበሬውን ዜማ አነሡ፤ ቃሉ ግን ላንቺ የተገጠመ ሙሾ ነበር፤

በሬው ሲዞር ዋለ ነዶውን እያሸ፣
ላገር ያለቀሰች ሳይለቀስላት መሸ።

ሴቶቹ «ኧረ እብቁ ዓይኔ ገባ! ኧረ እብቁ!» እየተባባሉ በነጠላቸው ተሸፍነው ተነፋረቁ። ሊጠብቀን የመጣው የጣሊያን ወታደር፣ ሶላቶው፣ ለበሬ የተዘፈነ መስሎት አጨበጨበልን፤ ደስ ብሎት ከኛው ጠላም ጠጣ። ቀኛዝማችም መጡ። ከበቅሏቸው ወርደው፣ መንሽ ተቀብለው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ገለባውን ሲያገላብጡ ዋሉ።

አስካለዬ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ገብስ በተወቃ ቁጥር ይለቀስልሻል። ከኔ በኋላም እንዳይቀር ዜማውን ለልጅ ልጆቻችን አስይዣለሁ። በእሱ እንኳ አልሳቁብኝም።

አንድ ነገር ግን ዋሽቼሻለሁ። ሶላቶው እውነት ነው፤ ቀኛዝማች ግን አልመጡም። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ዜማውም እዚያ ድረስ ይሰማል። አንቺ ለስንቱ ፈሪ ልብ ሰጥተሻል፤ እኔም ለአንዱ እንባ ብሰጠው ብዬ ነው። እሳቸው ሲሞቱስ ማን ሊዋሽላቸው ነው?