ስለ ተሰበረው የመጋዘን ጓጉንቸር

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር የቤተሰብ መዝናኛ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄን ከሞት ያተረፈችውን ምግብ አብሳይ ከሥራ ለማባረር ስለሚደረገው ትጋት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የማዕከሉ አስተዳደር የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይም ሳንባዎ ዘወትር ከውሃ የራቀ እንዲሆንልዎ ከልብ እጸልያለሁ። ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጄ ሐይቅዎ ውስጥ ስትሰምጥ ክቡርነትዎ የት እንዳሉ የሚያውቅ አንድም ሠራተኛ ስላልተገኘ፣ ደብዳቤዬም እንደኛው ፈልጎ እንዳያጣዎ ሰግቼ ነው በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት። ደግሞም እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚተኛ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ስንቱን በገዛ እጄ አስተኝቻለሁ።

ጋዜጣ አንባቢ ነገሩ እንዳይምታታበት ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የማዕከልዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ አንዲት ምግብ አብሳይ ያባርራል። ጥፋቷ የመጋዘኑን ጓጉንቸር በድንጋይ መስበሯ ነው። ሰብራ ያወጣችው ነፍስ አድን ጃኬት ነው። በጃኬቱ የተረፈችው ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄ ናት።

ወደ እርስዎ የመጣነው እንዲሁ ብድግ ብለን እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቆሞ ይውላል። እኔ ተቀምጬ እውላለሁ። ሦስቱ ልጆቻችን ትምህርት በተዘጋ ቁጥር የጎረቤት ልጆችን የጉዞ ወሬ እየሰሙ መጥተው «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ሲሉን አራት ክረምት አለፈ። በአምስተኛው ግን የታላቁን ልጅ ያለቀ ደብተር ገልብጠን፣ እንደ በጀት ኮሚቴ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ የመሄጃ ቦታዎችን በሁለት ጥያቄ ብቻ አጣራናቸው፤ አቅማችን ይችለዋል ወይ? ልጆቹንስ በደህና ይመልስልናል ወይ? የተራራው ሎጅ በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ። የባለቤቴ አጎት ዘንድ በነፃ ማረፍ ብንችልም፣ መንገዱ ሹፌሩ ራሱ ወሬውን የሚያቋርጥበት ገደል ነው ስለተባለ በሁለተኛው ወደቀ። ሁለቱንም ያለፈው የእርስዎ ማዕከል ብቻ ነበር። በራሪ ወረቀትዎ «አስተማማኝና ለኪስ የማይከብድ የቤተሰብ ዕረፍት» ይላል፤ ፎቶው ላይም ብርቱካንማ ጃኬት የለበሱ ሁለት ልጆች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ይስቃሉ። የማን ልጆች እንደሆኑ ባላውቅም ጃኬት ማግኘታቸው ደስ ብሎኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ቁጥር የሌለው ነገር አያምርበትም።

፩ኛ፣ ስለ ሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ። ከመምጣታችን በፊት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ባለቤቴ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሰዎቹን አሰለቸሻቸው» እስኪለኝ ድረስ፣ ለልጆች የሚሆን ነፍስ አድን ጃኬት እንዳላችሁ ጠይቄያለሁ፤ እንግዳ ተቀባይዎም ሦስቱንም ጊዜ «ስምንት አሉን፣ ያውም አዳዲስ» ሲል አረጋግጦልኛል። አልዋሸም። ስምንት ነበሩ፤ አዳዲስም ነበሩ፤ ከተገዙ ጀምሮ ከነላስቲካቸው ተቆልፎባቸው የኖሩ ጃኬቶች ምን ያስረጃቸዋል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ አሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ይለበሳሉ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

፪ኛ፣ ስለ ንብረት አያያዝዎ አመሰግናለሁ። በደረስን በመጀመሪያው ቀን ጀልባ ቀዛፊውን ጃኬት እንዲሰጠን ብጠይቀው፣ ራሱን እያከከ «እትዬ፣ እነሱ እኮ ንብረት ናቸው፤ አንዱ ቢቀደድ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?» ብሎኛል። የመጋዘን ኃላፊው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ቁልፉንም በኪሱ እንደያዘ ሄዷል። ዕረፍቱን አልመቀኘውም፤ ልጆቹን ይዞ ሄዶ በደህና እንደመለሳቸው ሰምቻለሁ። ትርፍ ቁልፉ በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ የሚወጣውም በጽሑፍ ተጠይቆ በክቡርነትዎ እጅ ሲፈረምበት ብቻ ነው። እንዲህ የሚጠበቅ ነገር ባንክ ቤት እንኳ አላየሁም።

፫ኛ፣ ስለ ጀልባ መሳፈሪያው መድረክ። ልጆቼን ያለ ጃኬት ጀልባ አላሳፍርም ስላልኩ፣ መድረኩ ላይ ቆመው ዓሣ ይቆጥሩ ነበር። ከጫፉ ሦስተኛው ጣውላ በስብሷል። ሠራተኞችዎ ሁሉ ያውቁታል፤ ስለሚያውቁትም ተራምደውት ያልፋሉ። ልጄ አላወቀችም። የሰማሁት እንጨት ሲሰበር ብቻ ነው፤ ጩኸት እንኳ አልነበረም። ዞር ስል ታላቁና ትንሹ ቆመዋል፣ መካከለኛዋ የለችም።

ባለቤቴ መዋኘት አይችልም። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ከነጫማው ዘለለ። ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ያሉብኝ ሁለት ሆኑ፤ እኔም ትንሹን ልጅ በክንዱ ጨምድጄ ይዤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ጀልባው ሐይቁ ማዶ ነበር። ዘበኛዎ እየሮጠ መጣ፤ አየ፤ ተመልሶም ወደ ቢሮዎ ሮጠ። ለፊርማ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰው ፊርማ ፍለጋ ሲሮጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሩጫ ግን አንጀቴን ያሳረረው የለም። በእሱም አልፈርድበትም፤ የተማረው ይህንኑ ነው።

ምግብ አብሳይዋ በወጥ ቤቱ መስኮት አይታናለች። እሷም መዋኘት አትችልም። ወደ ውሃው አልሮጠችም፣ ወደ ቢሮም አልሮጠችም። የወጥ ቤቱ በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበትን ድንጋይ አንስታ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች፤ ጓጉንቸሩም በሦስተኛው ምት ወደቀ። የፎጣ ማስጫውን ገመድ በጥሳ፣ ጃኬቱን ጫፉ ላይ አስራ ወረወረችው። አልደረሰም። ስባ ደግማ ወረወረችው። ባለቤቴ በአንድ እጁ ልጄን በፀጉሯ እንደያዘ በሌላው ጃኬቱን ጨበጠው፤ ተረባርበን ጎተትናቸው። የልጄ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ምግብ አብሳይዋ ጉልበቷ ላይ በሆዷ አስተኝታ ጀርባዋን እየመታች «ትፊው እማዬ፣ ትፊው የኔ ልጅ» ትላት ነበር። ተፋችው። ዘበኛው ክቡርነትዎን አጥቶ ሲመለስ ልጄ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

፬ኛ፣ ከአራት ቀን በኋላ ከማዕከልዎ በደረሰን ደብዳቤ፣ ባለቤቴ «ያለ ፈቃድ በሐይቁ ውስጥ በመዋኘት» የእንግዶችን ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት ስለተላለፈ ቅጣት እንዲከፍል ተጠይቋል። ባለቤቴን ዋናተኛ ያለው ሰው እስከ ዛሬ ስላልነበረ፣ ስለ አድናቆትዎ እናመሰግናለን። ሆኖም ሲያደርግ የነበረው መዋኘት ሳይሆን መስጠም ነው፤ ደንብዎንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ መስጠም አልተከለከለም።

፭ኛ፣ ምግብ አብሳይዋን ለማመስገን ስደውል ዘበኛው ስልኩን አንስቶ «እሷ እኮ ታግዳለች እትዬ፣ አልሰሙም?» አለኝ። ቤቷ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ለብቻዋ የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሏት፤ ማዕከልዎ ውስጥም አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች። የእግድ ደብዳቤዋን አሳየችኝ፤ ክሱ ንብረት ማበላሸትና ያለ ሥልጣን መጋዘን መክፈት ይላል። በሥራዬ ብዙ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ ይህኛው አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ልጅ ውሃ ውስጥ ነበረች የሚል ዓረፍተ ነገርም የለበትም። ደብዳቤውን አጥፌ ስመልስላት «ነገ ቢሆንም እሰብረዋለሁ፤ ግን ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለችኝ። ምናልባት ክቡርነትዎ መልስ ይኖርዎት እንደሆነ ብዬ ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

ጣውላው በማን ቸልተኝነት እንደበሰበሰ የሚያጣራ ኮሚቴ ግን እስካሁን አልተቋቋመም። ትርፍ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ኮሚቴም የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው። እርግጥ ነው፣ ከአደጋው በኋላ አፋጣኝ እርምጃ እንደተወሰደ አይካድም፤ የመጋዘኑ በር አሁን ሁለት ጓጉንቸር ተደርጎለታል፣ ሁለቱም በድንጋይ የማይሰበሩ ናቸው። ጣውላው እንደተሰበረ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አክብሮቴን ለአፍታ ወደ ጎን ላድርገው። ተናድጃለሁ። ጠዋት የልጄን ፀጉር ሳበጥርላት እጄ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተናድጃለሁ። የተናደድኩት ስለ ጣውላው ብቻ አይደለም፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ ሰውም ይዘነጋል። የተናደድኩት ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ሰው ሆና የተገኘችውን አንዷን መርጣችሁ፣ ሰው ሆና በመገኘቷ ስለምትቀጧት ነው። ሐሙስ እሷ ከተባረረች፣ በሚቀጥለው ክረምት የሌላ ሰው ልጅ ስትወድቅ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቢሮ ይሮጣል። ማን ወደ መጋዘኑ ይሄዳል? እኔም ብሆን፣ እንደ እሷ ሁለት ልጆች ቤት እየጠበቁኝ፣ እሄዳለሁ ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ስለዚህ የምለምንዎ ካሳ አይደለም፤ ይቅርታም አይደለም፣ ምክንያቱም ይቅርታ በጽሑፍ ተጠይቆ ፊርማ ሊጠብቅ ነው። የምለምንዎ ክሱ ተነሥቶ ምግብ አብሳይዋ ወደ ወጥ ቤቷ እንድትመለስ ብቻ ነው። ጓጉንቸሩን እኔ እተካለሁ፤ ባለቤቴም ዕድሜ ልክዎን ፀጉርዎን በነፃ ሊያስተካክልልዎ ፈቃደኛ ነው፤ ምላጭ የያዘ እጁ እንደ እኔ እንደማይንቀጠቀጥ ቃል ገብቶልኛል።

በመጨረሻም፣ ንብረት ከሰው እንደሚበልጥ ላስተማሩኝ ለክቡርነትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ መሳቢያዎም በደህና እንደተቆለፈ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር ፊርማዬን አኖራለሁ፤

በሕይወት ያለች የአንዲት ልጅ እናት

ግልባጭ፦
— ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት፣ ሐሙስ ጠዋት ልጆቻቸውን ስመው ከቤታቸው ሲወጡ እንዲያነቡት
— ለመጋዘን ኃላፊው፣ ለመረጃ ያህል
— ለምግብ አብሳይዋ፣ ከምስጋና ጋር፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከንብረት ክፍልዎ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከስምንቱ ጃኬቶች አንዱ ጎድሎ ስለተገኘ፣ በምግብ አብሳይዋ ላይ ንብረት ማጥፋት የሚል ሦስተኛ ክስ እንደተጨመረባት፣ ዕቃውም በእኔ እጅ ካለ በአስቸኳይ እንድመልስ ይገልጻል። አልጠፋም፣ እኛ ዘንድ ነው። ልጄ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ አልለቀውም ብላ አቅፋው ሄደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ከላይዋ አውልቃው አታውቅም። ለብሳው ትበላለች፣ ለብሳው ትተኛለች፤ ፊቷን ላጥባት ውሃ ስቀዳ ማሰሪያውን ታጠብቃለች። ስለዚህ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ጃኬቱን ይዤ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ልጄ ውስጡ አለች። መጋዘኑ መከፈት አልነበረበትም የሚል አባል ካለ፣ በገዛ እጁ ያውልቅላት።